ለሁለት አልጋ የሚበቃ ቤት

«ንፋሱስ በየት ይገባል?»

ሐጃ ሉጥፊያ ይህን ሲጠይቋት እፀገነት ልትሠራ ያሰበችውን ቤት ሥዕል እያሳየቻቸው ነበር። በእጇ የያዘችውን ባለካሬ ደብተር አየች፣ ሐጃን አየች። ያደገችው ጎጃም ደጋ ላይ፣ እናቷ የበሩን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ሲወትፉ እያየች ነው። ንፋስ የሚመታ ነገር ነው፤ ቤት የሚሠራውም እሱን ለመዝጋት ነው።

ደብተሩን የሰጠቻት ሰርክአዲስ ናት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል የምታስቆጥረው። እፀገነት በአርባ ሁለት ዓመቷ ከ«ሀ» ተነስታ «በር» እና «መስኮት» ብላ እስከ መጻፍ ደርሳለች። የምትሠራውን ቤት ስትስልም ሁለቱን ቃላት በየቦታቸው ጽፋለች። ሦስት ጠባብ ክፍል፣ በየክፍሉ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ መስኮት።

ቦታው የሐጃ ነው። ሐጃ ሉጥፊያ ከወሎ መጥተው ሱዳናዊ አግብተው፣ አርባ ዓመት ካርቱም የኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሳጃና ሰፈር ካለው ቤታቸው ሆሽ፣ ማለትም ከሰፊው ግቢያቸው፣ ድሮ አህያ ይታሰርበት የነበረውን ጥግ «ሥሪና ኑሪበት፣ እኔም ጎረቤት ላግኝ» ብለው ሰጧት።

እፀገነት ግን የፈለገችው ጣሪያ ብቻ አልነበረም። ልጇ ራሔል አንድ ሌሊት እንኳ እሷ ዘንድ እንድታድር ነበር የፈለገችው። ራሔል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዓባይ ማዶ ካፉሪ ሰፈር፣ አሥራ አንድ ክፍል ባለው ቪላ፣ አብራር ከምትባል የደሴ ልጅ ጋር ትሠራለች፤ እዚያው ታድራለች። ዓርብ ዓርብ እናቷ ወደተከራየችው የቆርቆሮ ክፍል ትመጣና ምሳ በልታ ጀርባዋ በላብ ሲርስ ትነሳለች።

«እማዬ፣ ያላ፣ ልሂድ። ወላሂ እዚህ አይተኛም። እዛ ሙከየፉ ክፍሉን ሁሉ ያቀዘቅዛል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለ።»

እፀገነት እስከ አውቶቡሱ ትሸኛታለች። ልጅቷ ድልድዩን ተሻግራ «ደርሻለሁ» እስክትል ድረስ ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም።

ግንበኛው ጥጋቡ ሥዕሉን ሲያይ ደስ አለው። «ስድስት ሺህ ጡብ አለሽ። ግድግዳውን ቀጠን ካደረግነው ሦስት ክፍል ይወጣዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ። ሁለቱን ታከራዪዋለሽ።»

«አንተ የሠራኸውን ቤት አይቻለሁ» አሉ ሐጃ። «ዝናብ ሲመጣ ሰዎቹ ውስጥ ጃንጥላ ይዘው ነው የሚበሉት።»

«ሐጃ፣ ያንን ጣሪያ ሌላ ሰው ነው የመታው።»

«ግድግዳውንም ሌላ ሰው ገፍቶት ይሆናላ።»

ጥጋቡ ራሱ ሳቀ። ሐጃ ግን ወደ እፀገነት ዞሩ። «አልጋሽን አምጪ። ሰው የት እንደሚተኛ ሳታውቂ ግድግዳ ለማን ታቆሚያለሽ?»

አንገረቧን፣ በገመድ የተጠለፈውን የእንጨት አልጋዋን፣ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠች። ሦስት ቀን ከሥራ ስትመለስ እየጎተተች ቦታ ትቀይረዋለች፣ ጋደም ትላለች፣ ትነሳለች። ጎረቤቶች ከአጥር ላይ እያዩ «ሐበሻዋን ምን ነካት?» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን በስተሰሜን፣ በኒሙ ዛፍ በኩል ስትጋደም አንገቷ ላይ ያለው ላብ ደረቀ። እዚያው ተኝታ ቀረች። ሐጃ ናቸው የቀሰቀሷት።

በአዲስ ገጽ እንደገና ሳለች። በመጀመሪያ ሁለት አልጋ። በመካከላቸው አንድ እርምጃ። በራስጌ በኩል ግድግዳው ውስጥ የሚገባ መደርደሪያ። ከዚያ በኋላ ብቻ ግድግዳውን ዙሪያውን አሰመረች፤ አንድ ክፍል ሆነ። በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት፣ ከአልጋው ከፍታ እኩል። በደቡብ፣ ጣሪያው ሥር፣ ትኩሱ አየር የሚወጣባቸው ሦስት ቀዳዳዎች። ከመስኮቱ አጠገብ «ንፋስ» ብላ ጻፈች። «ፋ»ን ሁለት ጊዜ አጥፍታ አስተካከለቻት።

ጥጋቡ ደብተሩን ዘቅዝቆም አቅንቶም አየው። «ይሄ ለሰው ነው ለዶሮ?»

«ለሁለት ሰው።»

ስድስት ሺሁ ጡብ ለአንድ ክፍል ዋለ፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ሊያክል ትንሽ ቀረው። ጣሪያው ግንድ ተጋድሞበት፣ የዘንባባ ሰሌን ተነጥፎበት፣ ከላይ ጭቃ ተመረገ። እፀገነት በየቀኑ እየመጣች ቱንቢው ሲወርድ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን ክሩ ከግድግዳው ራቀባት።

«አፍርሰው» አለች።

«እቴ፣ የጣት ያህል እኮ ነው።»

«ልጄ የምትተኛው እዚያ ጣት ሥር ነው።»

እያጉረመረመ አፈረሰው። ቤቱ በመጋቢት አለቀ።

በስቅለት ዕለት ራሔል ስትሰግድ ውላ ደክሟት መጣች። «ለትንሽ ነው» ብላ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ጋደም አለች። አውቶቡስ እንዳያመልጣት እፀገነት ሁለት ጊዜ ልትቀሰቅሳት ሄደች፤ ሁለቴም እጇን ሰበሰበች። ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። አብራር ነበረች።

«ማዳም የት ቀረች እያለች ነው። የረመዳኑን ማፍጠሪያ ለብቻዬ አቀረብኩ እኮ።»

«እማዬ ጋ ነኝ» አለች ራሔል ዓይኗን ሳትገልጥ። «ነገ በጠዋት እመጣለሁ በያት። ኢንሻአላህ።» ወደ መስኮቱ ዞራ ተኛች።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ተኩስ ተጀመረ። ድልድዮቹ ተዘጉ።

የካፉሪው ቪላ ባለቤቶች በአምስተኛው ቀን በሁለት መኪና ወደ ግብፅ መንገድ ወጡ። ቤቱን ጠብቂ ተብላ የቀረችው አብራር ናት። ጥጋቡ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ከሰላ ሄደ። እፀገነትና ራሔል ዐሥራ ሁለት ቀን ከወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ ቆይተው በገዳሪፍ በኩል መተማ ገቡ፤ ደብተሩ ከልብሶቹ መካከል ነበር። ሐጃ ሉጥፊያ አልሄዱም። የራሳቸውን ትልቁን ቤት ቆልፈው፣ አልጋቸውን ወደ ትንሿ ክፍል አስገብተው፣ ሳጃና ቀሩ።