ያልተነካው ካርድ

ስልኩ ጉያዋ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሴቶቹ ዱዓ ላይ ነበሩ። ሀጀራ ከልብሷ ላይ እጇን ጫን አድርጋ እስኪያቆም ጠበቀች። ከጠዋት ወዲህ አምስተኛው መሆኑ ነው።

«ዛሬም አላረፈም?» አሉ ይርገዱ በሹክሹክታ። ይርገዱ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው፤ ማተባቸውን እንዳሰሩ ከሙስሊሞቹ እኩል «አሚን» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ከሀጀራ ጎን አልተነሱም።

«ይጠሩታል» አለች።

«አጥፊው እቴ። ሰውየው የለ፣ ማንን ፍለጋ ነው?»

ሀጀራ አላጠፋችውም። ባሏን አሁንም ሙሐሲን እያለ በስሙ የሚጠራው ያ ስልክ ብቻ ነበር። ቤቱን የሞላው ሰው በአንድ ቀን «መርሁም»፣ ሟቹ፣ ማለት ለምዷል፤ እሷ ግን አፏ እምቢ አላት።

ሐምሌ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ የወጣ ሚኒባስ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ከሞቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሙሐሲን ነበር። ስልኩ የተረፈው ቤት ስለቀረ ነው። ሁለት ቀን ጠፍቶ የሰነበተው መብራት ያን ዕለት ንጋት ላይ ቢመጣ፣ «ትንሽ ይሙላ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ቻርጅ ላይ ሰክቶት ሄደ። ሳውዲዎች «ውጡ» ብለው ከሰደዱት ሰው ጋር አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ከመጣ ወዲህ፣ ያለ ስልኩ ከደጃፍ ሲወጣ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

የሙሐሲን ሥራ ለሰፈሩ ሰው ግልጽ ሆኖ አያውቅም። አንዳንዱ ሥራ ፈትቶ ስልክ ሲነካካ የሚውል ይመስለው ነበር። አባቱ ሸህ አሕመድኑር ራሳቸው ሲጠየቁ «በአየር ላይ ይነግዳል» ብለው ያልፉታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ለዒድ ከእመቤቶቻቸው የሀዲያ፣ የስጦታ፣ ካርድ ይሰጣቸዋል፤ ገንዘብ የተሞላበት፣ ከአንድ ትልቅ መደብር ብቻ ዕቃ የሚገዛ ላስቲክ። ልጅቷ ከቤት አትወጣም፤ መደብሩን በመኪና መስኮት ካየችው ጥሩ ነው። ሽቶና የእጅ ቦርሳ ከምትገዛበት ደግሞ ለእናቷ በሬ ቢገዛላት ትመርጣለች። ሙሐሲን እዚያው አረብ አገር ካርዱን በቅናሽ የሚገዛ ሐበሻ በፌስቡክ ይፈልግላታል። ገዢው እዚህ ባለ ዘመዱ በኩል ብሩን ለሙሐሲን ያስረክባል፣ ሙሐሲን ለልጅቷ ቤተሰብ ያደርሳል፣ ከመሐሉ ለራሱ ትንሽ ይቆርጣል።

ችግሩ ማን ይቅደም ነው። ካርድ ማለት ጀርባው ላይ ተፍቆ የሚወጣው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ያየ ሰው ገንዘቡን መብላት ይችላል። ሻጯ ቁጥሩን ብታስቀድም ገዢው በልቶ ይጠፋል፤ ገዢው ብሩን ቢያስቀድም እሷው ራሷ ትበላዋለች። ስለዚህ ሙሐሲን ሥርዓት አበጅቶ ነበር። ልጅቷ የቁጥሩን ፎቶ ለእሱ ትልካለች። ካርዱን በመቀስ ትቆራርጠዋለች። እመቤቶች ስልክ ስለሚፈትሹም ፎቶውን ከስልኳ ታጠፋለች። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ያለው ሙሐሲን ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። እሱም ብሩ እጁ እስኪገባ ለገዢው ትንፍሽ አይልም።

«መልክህን እንኳ የማታውቅ ሴት ልፋቷን እንዴት ትልክልሃለች?» ብላው ነበር ሀጀራ አንድ ቀን።

«ድምፄን ታውቀዋለች» አለ።

አንድ ጊዜ ግን ተበልቷል። «ወላሂ» ሳይል ንግግር የማይጨርስ አንድ ገዢ፣ ብሩን ባንክ አስገብቻለሁ ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ላከለት፤ ሙሐሲን አመነና ቁጥሩን ለቀቀ። ደረሰኙ የውሸት ነበር። ሰውየውም ከዚያ ቀን በኋላ የለም። በሳምንቱ ሀጀራ ከወፍጮ ስትመለስ፣ ከእናቷ ቤት ይዛት የመጣችው ጊደር በረት ውስጥ አልነበረችም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለችው በንዴት። «ሌባ በልቶ የኔ ጊደር ትሸጥ? ለማታውቃት ሴት ብለህ?»

«የማላውቃት ስለሆነች ነዋ። የማውቃት ብትሆን አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ ብዬ እለምናት ነበር።»

አንድ ወር ሙሉ ምግቡን እያቀረበች ፊቷን አዞረችበት። እሱም አንድ ቀን «ምነው» ሳይላት ቻለው። ያ ወር መልሱልኝ ቢባል የሚመለስ ነገር ቢሆን አሁን ሌላ ጊደር ትሰጥበት ነበር።

ዱዓው ሲያልቅ «ለሶላት ውዱእ ላድርግ» ብላ ተነሣች። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዋ እስኪያልቅ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ከግቢ አትወጣም፤ ለጊዜው የቀራት አገር ጓሮው ነው። ከገብስ ጎተራው ሥር ተቀመጠችና ስልኩን ከፈተች። መክፈቻውን ያስተማራት ሙሐሲን ራሱ ነበር፤ «የሰው አማና፣ የሰው አደራ ያለበት ነገር ነው፣ ሞት አለ» ብሎ። ያኔ ስቃበት ነበር።

ከመልእክቶቹ አብዛኞቹ የአንዲት ሴት ነበሩ። ኡምኩልሱም ትባላለች፣ የከላላ ልጅ ናት፣ ሳውዲ፣ ደማም ሰው ቤት ትሠራለች። የሰኞው ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ ሙሐሲን። ፎቶውን ልኬያለሁ፣ ካርዱንም ቆራርጫለሁ። የእማን ቤት ቆርቆሮ ላስመታበት ነው፣ ክረምቱ ገብቶባታል። አላህ ዕድሜ ይስጥህ።» ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ «ብሩ ደረሰ ወንድሜ?» ብላለች።

ይህችኛዋን ሀጀራ ረቡዕ ጠዋት የሙሐሲንን ፎቶ ስትፈልግ ከፍታት፣ ደንግጣ ዘግታታለች። የተከፈተ መልእክት ለላኪው እንደሚታይ አላሰበችም። ኡምኩልሱም ግን አይታለች። «አይተኸዋል እኮ። ለምን ዝም ትለኛለህ?» ይላል የረቡዑ። የዛሬው ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላል፦

«አንተ ሰው፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ካልመለስክልኝ ስምህንና ፎቶህን የፌስቡክ ግሩፑ ላይ አወጣዋለሁ። አረብ አገር ያለች የወሎ ልጅ ሁሉ ሌባ መሆንህን ትወቅ።»

ሸይጧን ቅርብ ነው፤ ሀጀራ ለአንድ አፍታ ጠረጠረችው። በዚያ ጭቃ አቀስታ ምን ሊሠራ ሄደ? የገዢውን መልእክት ፈለገች። መሐሙድ የሚባል ሪያድ ያለ ሹፌር ነው። ሙሐሲን ሰኞ ማታ እንዲህ ብሎ ጽፎለታል፦ «ነገ አቀስታ ሄጄ ብሩን ከወንድምህ እጅ ተቀብዬ ስመለስ ቁጥሩን እልክልሃለሁ። ከዚያ በፊት አልልክም፣ አትቀየመኝ።» ከሥሩ የመሐሙድ መልስ አለ፦ «ወንድሜ ጠብቆህ ጠብቆህ ገባ። ምነው?»

ቁጥሩ አልተላከም፣ ብሩም አልተከፈለም። ሙሐሲን የሞተው ሲሄድ ነው። ሀጀራ ስልኩን ግንባሯ ላይ አስደግፋ «አውፍ በለኝ» አለችው።

ከዚያ ሸህ አሕመድኑርን ከወንዶቹ ድንኳን አስጠራች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ እየተከሉ መጡ።

«አባ፣ ቀብር ላይ ‹ልጄ ላይ ሀቅ ያለው ይምጣ› ብለው ነበር አሉ።»

«ብያለሁ ልጄ። ‹ወይ አውፍ በሉት፣ ወይ ከኔ ተቀበሉ› አልኩ። አንድም ሰው አልመጣ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አንዲት አለች። ደማም ስለሆነች አልሰማችም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ካርዱ ምን እንደሆነ እንደገባቸው እርግጠኛ አልነበረችም፤ «ሌባ» የሚለው ግን ገብቷቸዋል፤ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያ ወደ ከላላ ሰው እንላክ። ለእናቷ ይንገርና እናቷ ትንገራት።»

«በዚህ ጭቃ በበቅሎ መቼ ይደርሳል? እሷ እስከ አስር ሶላት ነው ያለች።»

«ታዲያ መርዶ በስልክ ልትነግሪ ነው? ብቻዋን በሰው ቤት ላለች ልጅ? ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? እህቱ እንኳ ኩዌት ሆና እስካሁን አልተነገራት። ለዘመድ ያላደረግነውን ለባዕድ አናደርግም። ደግሞ የሙሐሲን ስም የታወቀ ነው።»

«እዚህ ነው የታወቀው፣ አባ።»

ሽማግሌው «አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ» ብለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። በዚያ አገር መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ደጋፊ ቆሞ ነው የሚነገር፤ የእናቷን ሞት ከዓመታት በኋላ አገሯ ስትገባ የሰማች ስደተኛ ሞልታለች። ሀጀራም ያንን ሥርዓት ስታከብር ያደገች ናት። ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባልም ሰምታለች። የሙሐሲን መቃብር መካነ ሰላም ነው፤ ስሙ የሚኖረው ግን መልኩን በማያውቁ ሴቶች ዘንድ ነው። ቤት ሙሉ ለቀስተኛ እያላት፣ ይህን አብሯት የሚያዝን አንድ ሰው አልነበራትም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ወሰነች። የካርዱን ፎቶ ለኡምኩልሱም መልሳ ላከችላት። ከዚያ አፏን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጋ ተናገረች፦

«አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ። የሙሐሲን ባለቤት ነኝ፣ ሀጀራ እባላለሁ። ካርድሽ አልተሸጠም። ቁጥሩ ይኸውልሽ። መደብሩ ዘንድ ደውለሽ አረጋግጪ፣ ምንም አልተነካም።»

ስለ ሞት አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጅቷ ካርዷን አግኝታ ዝም ትላለች፣ መርዶው በጊዜው ይደርሳታል፣ ብላ አሰበች። ሙአዚኑ ለአስር ሲጣራ መልሱ ገባ። ድምፁ ወደ ሰኞው ተመልሷል።

«አልተነካም። ወላሂ ሙሉ ነው። ያ አላህ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ሀጀራ እህቴ፣ ስልኩን ስጪልኝ ለወንድሜ። ሌባ ብዬዋለሁ። አውፍ ይበለኝ፣ በራሱ አፍ ልስማው።»

ሀጀራ ልትመልስ የድምፅ መቅጃውን ተጫነች። ምን ትበል? «የለም» ብትል ውሸት አይሆንም፤ ግን የት ሄደ ትላታለች። በዚያው ቅጽበት ከአቀስታ የመጡ ለቀስተኞች በደጃፍ ገብተው ኖሮ ቤት ያሉት ሴቶች ጩኸቱን አነሱት። ሀጀራ ጣቷን ከመቅጃው ስታነሣ ቅጂው በራሱ ተላከ። የሄደው የለቅሶው ድምፅ ብቻ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጠራ። አነሣችው።

«ሀጀራ» አለች ኡምኩልሱም። «ያ ለቅሶ ነው?»

ሀጀራ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ጎተራውን ተደገፈች።

«መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

«ማክሰኞ» አለች ኡምኩልሱም። «እኔ ከሰዓት ብሩስ እያልኩ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ሀጀራ ልጅቷ ወደቀች ብላ ፈራች። ግን አልወደቀችም። ስትመለስ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። «እመቤቴ ማዶ ክፍል ናት። እዚህ ጮክ ብዬ ማልቀስ አልችልም። አባቴ ሲሞትም አፌን በእጄ ይዤ ነው ያለቀስኩ። እባክሽ ከሰዎቹ መሐል አስቀምጪኝ፣ ለቅሶ ልድረስ።»

ሀጀራ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ሸህ አሕመድኑር የአቀስታዎቹን እንግዶች ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስልኩን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«የከላላዋ ናት፣ አባ። እኔ አልነገርኳትም፤ የለቅሷችንን ድምፅ ሰማች። ካርዷን አግኝታለች። እኛ ላይ ምንም ሀቅ የላትም። ለቅሶ ነው የመጣች።»

ሽማግሌው ስልኩን ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩ። ከቀብር ጀምሮ አንድ እንባ ያላወጡት ዓይኖቻቸው ሞሉ።

«ቦታ ስጧት» አሉ።

ይርገዱ ወደ ግድግዳው ሸሸት አሉ፣ ከአቀስታ ከመጡት ሴቶች አንዷ ወደ ወዲያ፤ ምንጣፉ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ተለቀቀ። ሀጀራ ስልኩን እዚያ አስቀመጠችና ከጎኑ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቀጥሎ በእሷ በኩል የቧንቧ ውሃ ተከፈተ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ የታፈነ ሲቃ መጣ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ዞረው ተመለከቱ። ሀጀራ ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ስልኩ ላይ ጣል አደረገችላት፣ ማንም ሳያያት እንድታለቅስ።