ቤንዚን የሸተታት ሙሽራ

ሙሽራ አትናገርም። ከአባቷ ቤት ወጥታ የባሏን ደጃፍ እስክትረግጥ፣ አማቷም ማር እስክታቀምሳት ድረስ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይነ ርግቧን ጥላ፣ ትንፍሽ ሳትል ትሄዳለች። የሙሽራይቱ የሰልሳቢል አያቶች ከስልጤ ወደ ቦዲቲ ለንግድ ሲወርዱ ከሸቀጡ ጋር ይዘውት የመጡት ወግ ነው። ወጉን ለማስከበር አክስቷ ዛራ ከመኪናው በር አጠገብ ቆማለች፤ ሰልሳቢል ቀና ለማለት ባሰበች ቁጥር ክንዷን ትቆነጥጣታለች። አፏን ዘጉት እንጂ አፍንጫዋን ግን ማንም አልዘጋውም።

የሸተታት ቤንዚን ነበር። ያውም ትንሽ አይደለም።

የተቀመጠችባት መኪና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ በዕድሜ ሙሽራውን የምትበልጥ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሶዶ ላይ ጥሏት ሄዶ፣ ሙዝ ሥር ቆማ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖራ ነው ሙሽራው ነስረዲን እጅ የገባችው። ነስረዲን የአጎቱን አይሱዙ ይዞ አዲስ አበባ በተመላለሰ ቁጥር አንድ ዕቃ እየገዛላት፣ አንድ ብሎን እያጠበቀላት ነፍስ ዘራባት። ከሰልሳቢል ጋር ያስተዋወቀችውም እሷው ናት። የጥገና መጽሐፏን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ወደ ሰልሳቢል ሱቅ ይመጣል፤ ግን በመጣ ቁጥር የሚያስነሳው አንድ ገጽ ብቻ ነው። አንድ ገጽ እያስነሳ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ጉዳዩ ከመጽሐፉ ጋር እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ ብልህነት አይጠይቅም።

ያሳደገው አጎቱ ሀጂ አብደላ የሶዶ ጅምላ ነጋዴ ነው። ለሠርጉ አዲሱን ላንድ ክሩዘር አዘጋጅቶ ነበር። ነስረዲን ግን ሙሽራዬን በቀይዋ ካላመጣሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሀጂ በሽማግሌዎች ፊት “ይሁን” አለ። “ቆማ ያዋረደችን እንደሆነ ግን ዛሬውኑ ቆራሌው ይወስዳታል፤ ተስማምተሃል?” ነስረዲንም እየሳቀ የአጎቱን እጅ መታ። ከሶዶ ቦዲቲ ስትመጣ እንደ ወፍ በርራ ነበርና ለምን አይስቅ!

አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም። ምሳ ተበልቶ፣ ድቤ ተመትቶ፣ እልልታው ቀልጦ ሙሽራይቱ ከተቀመጠች በኋላ ነስረዲን ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተሽከረከረ፤ አልተነሳም። ደግሞ አዞረ። ወይ ፍንክች! ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆማ ግላለች። እሱ ደግሞ በድንጋጤ ነዳጅ መስጫውን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ሰልሳቢል በዓይነ ርግቧ ሥር እግሩን እያየች ተው፣ ተው፣ ተው ትላለች በልቧ። ዘፈኑ እየላላ ሄዶ ድቤው ብቻውን ቀረ።

ሚዜዎቹ ዘለው ወረዱ። ሁሉም የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው፤ ሁሉም ናፍጣ ሲያሽከረክሩ ያደጉ። ናፍጣ መኪና አልነሳ ካለ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷልና በእጅ ፖምፓውን እየገፉ ነዳጅ መላክ። ይህን ሌሊት በዝናብ፣ ገደል አፋፍ ላይ ሁሉ ሠርተውታል፤ ከማሰባቸው በፊት እጃቸው ይሠራዋል። የነስረዲን የልብ ጓደኛ የሆነው ዳና፣ በአማርኛ ወንድና ሴት የሚደበላለቅበት የወላይታ ልጅ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጮኸ።

“አየር ገብታበታል! ፖምፓውን አገኘሁት፣ ይሄው እዚህ ነው፣ ትንሽዬ ነው!”

“ግፋው!” አሉ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ።

ዳናም የቤንዚኗን ፖምፓ እጄታ ያለ ርኅራኄ ይገፋው ጀመር። ሰልሳቢል መብራት በፈረቃ በሚታደልባት በዚያች ዓመት ሱቋን ያቆየችው በአንዲት የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። ያቺ ጄኔሬተር ገመዷን አብዝተው ከሳቧት በራሷ ነዳጅ ትሰጥማለች፤ ብልጭታ የሚሰጣት ካንዴላ ይርስና እሳት ይከለክላል። ምልክቷም ይኸው ሽታ ነው። ይህቺ መኪና ነዳጅ አላጣችም፤ ነዳጅ ውስጥ ሰጥማለች። እነሱ ደግሞ በላይዋ ላይ ይጨምሩባታል!

“አክስቴ፣ ፖምፓውን ይተዉት በያቸው” አለች በሹክሹክታ።

ዛራ ቆነጠጠቻት።

ነስረዲን ላብ በላብ ሆኖ እንደገና ቁልፉን አዞረ። ባትሪው ማቃሰት ጀምሯል። ሀጂ አብደላ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ቀረበና ተረጋግቶ ተናገረ፤ ሲረጋጋ ነው የሚያስፈራው።

“በቃ። ሙሽራይቱ ላንድ ክሩዘሩ ላይ ትውጣ። ለዚህች ገመድ አምጡላት፣ ተጎትታ ትሄዳለች። ቆራሌው የት እንደሚገኝ አውቃለሁ።”

ነስረዲን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲቀር ሰልሳቢል አየችው። ስንት ሌሊት የደከመባት መኪና፣ በሠርጉ ቀን፣ በአማቾቹ ፊት! አልቻለችም፤ ግን አሁንም አልተናገረችም። ያናገራት ሌላ ነው። ገመድ ይዞ የመጣ አንድ ሚዜ ሲጋራ በከንፈሩ እንደሰካ በቤንዚን በራሰው ሞተር ላይ አጎነበሰ።

“ሲጋራህን ጣል! አርቀህ!”

ድቤው ቀጥ አለ። ሚዜው ሲጋራውን ወርውሮ ራሱም አብሮ ሊወረወር ምንም አልቀረው።

“ሙሽሪት ተናገረ!” አለ ዳና አፉን ይዞ።

“ያ አላህ፣ ጉዴ ፈላ!” አለች ዛራ።

ሰልሳቢል ከተናገርኩ አይቀር አለች። ዓይኗን በጨው ታጥባ ዓይነ ርግቧን ወደ ላይ ገለበጠችው። “ዳና፣ ፖምፓውን ልቀቅ። አየር አልገባባትም፤ ቤንዚን ነው ያሰጠማት። ነስሩ፣ ካንዴላዎቹን ፍታቸው።”

ነስረዲን አያት። ከዚያ ኮፈኑን፣ ከዚያ መሬት ላይ የሚንጠባጠበውን ቤንዚን አየ። “ወላሂ ልክ ናት!” ብሎ ዘሎ ወረደ።

አራቱም ካንዴላዎች ተፈቱ። ከውኃ የወጡ ይመስል ያንጠባጥባሉ። ሰልሳቢል ከመኪናዋ ወርዳ፣ ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሂና በተቀባ እጇ ተቀበለቻቸው። ሚዜዎቹ ለማማር ደረት ኪሳቸው ላይ የሰኳቸውን ነጫጭ መሐረቦች ሰብስባ አንድ በአንድ አደረቀቻቸው። ብልጭታ እንዳይፈጠር የእሳት ገመዱን አስነቀለች፤ ሰዉን ወደ ኋላ አስባለች። ነስረዲን ቁልፉን ሲያዞር ካንዴላ የሌለው ሞተር ቀላል ነውና የደከመው ባትሪ እንደምንም አሽከረከረው። ከየቀዳዳው ቤንዚን ፊጭ አለ። ሕፃናት ርችት ያዩ ይመስል አጨበጨቡ።

ካንዴላዎቹና የእሳት ገመዱ ተመልሰው ሲታሰሩ ግን ባትሪው “ትክ” ብሎ ሞተ።

“እንገፋለን!” አለች። ከአባቷ ደጅ እስከ አስፋልቱ ቁልቁለት ነው። “ነስሩ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ያዝ። አትልቀቅ። አየር ብቻ ነው የምትፈልገው።”

ሙሽራ ቤትና አማች ሳይለይ ሕዝቡ ሆ! ብሎ ገፋ። ነስረዲን ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ አንዴ አስነጠሰች፣ በዚህች ቅጽበት የሾፌር እግሩ አላስችል ብሎት ደጋግሞ ረገጠ። ጭጭ አለች። የተረፈው ቁልቁለት ግማሹ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገመድ፣ ከገመዱ ወዲያ ቆራሌው።

“እግሬ አይታዘዘኝም” አለ ነስረዲን፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

“እንግዲያው ውረድ። አንተ ግፋ።”

የአባቷን ፒካፕ ስትነዳ የኖረች ልጅ ናት። ቬሎዋን ጠቅልላ መሪው ሥር ገባች፣ ማርሹን ሁለተኛ ላይ አደረገች፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣ ያዘች። ካልተነሳች ወጉንም ሰብሬ መኪናዋንም አጣሁ ማለት ነው አለች በልቧ። “ቢስሚላህ!”

ገፉ። ጎማው ፈጠነ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናዋ አስነጠሰች፣ ደገመች፣ እግሯ ንቅንቅ አላለም፣ ሰለሰች፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ በሚዜዎቹ ነጭ ሸሚዝ ላይ ተፍታ አጓራች! ተነሳች! እልልታው ቦዲቲን አናወጣት። ሰልሳቢል ራሷ ስትጮህ ተሰማት፤ ምን እንዳለች እንኳ አታውቅም።

“አቁሚ! ቁሚ!” ዛራ ከኋላ ትጮኻለች።

መቆም የለም። ባትሪው ሞቷል፤ ከጠፋች እንደገና መነሳቷን ማን ያውቃል? ነስረዲን ጫማው እየተንሸራተተ ሮጠ፣ በሩን ያዘ፣ ጣሪያዋ በታጠፈ መኪና ውስጥ በጭንቅላቱ ዘልሎ ገባ። እግሮቹን ወደ ሰማይ እንዳደረገ አስፋልቱ ላይ ወጡና ወደ ሶዶ ታጠፉ።

ተስተካክሎ ሲቀመጥ ዳሞታ ተራራ ከፊታቸው ነበር፤ ሞተሩም ንጹሕ ድምፅ ይዟል። “መሪውን ልያዝልሽ?” አላት።

“ከቆምኩ ትጠፋለች።”

እስካሁን ባትሪው መሞላት እንደጀመረ ሁለቱም ያውቃሉ። ነስረዲን ግን መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ላንድ ክሩዘሩ ክላክሱን እያስጮኸ ደረሰባቸውና ጎን ለጎን ሆነ። ሀጂ አብደላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በግማሽ ወጥቷል። ፊቱ ቀልቷል፣ እጁ ይወናጨፋል። ሰልሳቢል ደነገጠች። ወጉን ሰብራለች፣ ሙሽራውን እንደ ዕቃ ጭናው ትሄዳለች፤ አሁን አቁሚ ቢላት ምን ትመልሳለች? እግሯ ነዳጅ መስጫው ላይ ላላ ሲል ሞተሩም አብሮ ዝቅ አለ።

“ኧረ በአላህ!” ብሎ ጮኸ ሀጂ አብደላ፤ ድምፁ ከደስታ ብዛት ተሰነጣጥቋል። “እንዳትቆሚ! ልጄ፣ እንዳትቆሚ!”