ለኋላ እግር የሚሆን ከባድ ሰው

"ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ላልሰማው አሰማ! ከባሕር ማዶ የመጣው ትራቶሬ ጭቃ አልያዘውም! በገዛ ፈቃዱ ዐርፏል! 'ተዘፈቀ' ብሎ የተናገረ ዐሥር ጅራፍ ይገረፋል!"

ነጋሪት መቺው ይህን ሲያውጅ፣ የጣልያን ማረሻ መኪና የሆነው ትራቶሬ ከጀርባው የቡሬን ዋልካ ጭቃ ለብሶ ያጓራል። የኋላ እግሮቹ፣ ሁለቱ ትልልቅ የብረት መንኮራኩሮች፣ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ ጭቃ ይተፋሉ እንጂ ስንዝር አይራመዱም። በገዛ ፈቃዱ ያረፈ ነገር እንዲህ ሲለፋ ሰው አይቶ አያውቅም።

ገበሬው ክንዱ ግን አልሳቀም። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሩ ይቆማል፤ ዐይኑ ከትራቶሬው ወደ ጣልያኖቹ ምሽግ አጥር ይመላለሳል። ሁለቱ በሬዎቹ፣ ቦራና ዳለቻ፣ ከአገሬው ከብት ጋር እዚያ ታስረዋል። ጣልያኑ ካፒቴን "ብረት ካረሰ በሬ ለምን ይቀለባል?" ብሎ ካስነዳቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ትራቶሬው ዛሬ ይቺን ማሳ አርሶ ካሳየ በሬዎቹ ለወታደር ወጥ ይታረዳሉ። ካቃተው ግን ለጤፍ እርሻ ይመለሳሉ፤ ወታደሩም ያለ እህል አያድርማ። የጤፍ መዝሪያው ሐምሌ ደግሞ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

"እጅህን አሳርፍ" አለችው ሚስቱ ታንጉት።

"ምን አደረግሁ?"

"ገና ነዋ! የተበላሸ ነገር ካየህ እጅህን ይበላሃል። የጎረቤት በር ሲንጋደድ ማን ጠርቶህ ነው የምትሮጠው? ያ ብረት ግን ጎረቤትህ አይደለም፣ አንተ ሰው።"

ተናግራ ሳትጨርስ አስተርጓሚው ወልደ ሥላሴ እያለከለከ ደረሰ።

"አያ ክንዱ፣ ካፒቴኑ ይፈልግዎታል። ሞፈር በመጥረብ፣ ዋልካ በማወቅ የሚስተካከልዎ የለም ብዬ ነግሬዋለሁ።"

"ምን በድዬህ?" አለ ክንዱ።

ሄደ። መንኮራኩሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። የብረቱ ጥርሶች አውራ ጣት ያህላሉ፤ ዋልካው ሞልቷቸው እንደ ቅል ለስልሰዋል። ነገሩ ወዲያው ገባው። ስምንት የወይራ ፍልጥ አግድም በሰንሰለት ቢታሰርበት እንደ መሰላል እየረገጠ ይወጣል። ዋልካ የሚቧጥጠውን ያሳልፋል፤ የሚከብደውን ይውጣል። ሳያስበው እጁ ወጥቶ የመንኮራኩሩን ወርድ ለካ፤ አንድ ስንዝር ከጋት። ደንግጦ እጁን እንደ ሌባ ያዘና ጋቢው ውስጥ ከተተው።

"ምን ጎድሎት ነው ይላሉ?" አለ ወልደ ሥላሴ።

ከአጥሩ በኩል አንድ በሬ እምቧ አለ። ድምፁ የቦራ ነው።

"ክብደት" አለ ክንዱ። "ከኋላው ክብደት ጎድሎታል።"

ጣልያኑ መካኒክ ሲተረጎምለት በደስታ ራሱን ነቀነቀ፤ በእሱ አገር ደረቅ መሬት ላይ መድኃኒቱ ክብደት ነው። ወልደ ሥላሴ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጮኸ፦

"ከኋላ የሚቀመጥ ከባድ ይፈለጋል!"

ጣልያን ከገባ ወዲህ የተሾሙት ቀኛዝማች የሽዋስ ኩታቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ።

"ከባድ ሰው ከተባለ፣ እኔ ቆሜ ማን ይቀመጣል?"

"ቀስ ይበሉ እንጂ ጌታዬ" አሉ ግራዝማች ሀይሉ። "የእርስዎ ክብደት እኮ የአምና ነው። የእኔ ከአያት የመጣ ነው።"

"ኧረ ጌቶቼ፣ ድንጋይ ለማለት ነው..." አለ ወልደ ሥላሴ።

"ድንጋይ አልከኝ?" ቀኛዝማች ከዘራቸውን አነሡበት። አስተርጓሚው ትርጉም አለቀበት።

"ቀኛዝማች በቀኙ፣ ግራዝማች በግራው እግር ላይ ቢቀመጡስ?" አለ ክንዱ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሁለቱም ሥርዓት ያለው ነገር ሆኖ አገኙት። ጌታ ከወጣ አሽከር መቅረቱ ነውር ነውና ተከታዮቻቸውም ተንጠላጠሉ። ዐሥራ አንድ ከባድ ሰው ተሳፈረ።

ሞተሩ አገሳ። መንኮራኩሮቹ ዞሩ፤ ጭቃው እስከ ሹማምንቱ ጺም ዘለለ። ትራቶሬው እንደምታምጥ ላም ተንቀጠቀጠና በሆዱ ተኛ። ካፒቴኑ በንዴት መሬቱን ሲረግጥ ዋልካው ጫማውን አስቀረበት። በአንድ እግር ካልሲው ቆሞ ፈረደ፤ ብረቱ እስከ ጥቅምት ባለበት ይቆይ፣ በሬዎቹ ለዘር ይለቀቁ።

ክንዱ የቦራን ገመድ እየፈታ ሳለ ቀኛዝማች የሽዋስ መጡበት። ከዐይናቸው በቀር የሚታይ ነጭ ነገር የላቸውም።

"አንተ! ክብደት ያልከው አውቀህ ነው ሳታውቅ?"

"ሳላውቅ ነው ይበሏቸውና ይሂዱ" አለ ወልደ ሥላሴ በሹክሹክታ። ታንጉትም ክንዱን በክርኗ ጎሸመችው።

ክንዱ አፉን ከፈተ። ውሸቷ አጭር ነበረች። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሞፈር ጠርቦ 'ዋልካ አላውቅም' ማለት ከጅራፉ ይልቅ ከበደው። ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመ።

"አላስረዳም፣ ጌታዬ።"

"ምን አልክ? ለምን?"

"እሱንም አላስረዳም።"