ሰማያዊ ያልሰጠችው በር

ደብተር ይዞ ወደዚያ ጋራዥ የገባ የመጀመሪያው ሰው ዮአብ ሳይሆን አይቀርም። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው የውስጥ መንገድ፣ ከጣውላ መሸጫው ጀርባ ባለው ግቢ ሁሉም የሚይዘው ነገር ነበረው፤ አንዱ መዶሻ፣ አንዱ መፍቻ፣ አንዱ የቀለም መርጫ። እሱ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

በኬሚስትሪ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሲያነብ ከርሟል። የመኪና ፖሊሽ ልማር ብሎ ጋሽ ዲሪባ ፊት ሲቀርብ፣ ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ዓይንህ ደህና ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ደህና ነው አለ። አራት ወር መኪና አሳጠቡት። በአምስተኛው ወር ማሽኑን አስያዙት፤ ግራ መጋባቱም የዚያን ዕለት ጀመረ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ማሽኑ ጫፍ ላይ ክብ ስፖንጅ አለ። ስፖንጁ ላይ ቅባት ጠብ ይደረግና ቀለሙ ላይ እያሽከረከሩ፣ በስንት ዘመን የእጥበት ጨርቅ የተጫረውን ሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ማጥፋት ነው። ያስቸገረው የጋሽ ዲሪባ አስተማማር ነበር።

«አትጫነው» ይሉታል። ዮአብ ደብተሩ ላይ «አለመጫን» ብሎ ይጽፋል። በማግስቱ ሌላ መኪና ላይ «ምን ትዳብሰዋለህ? ድመት ነው እንዴ? ጫን!» ይሉታል።

«ትናንት አትጫን ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ትናንት ሌላ መኪና ነበር።»

«ታዲያ በምን ልለየው?»

«ስማው። ድምፁ ይነግርሃል።»

ዮአብ ይሰማል። የሚሰማው ግን ማሽኑ ሲያጉረመርም፣ ከዋናው መንገድ ደግሞ ለባቡሩ ሐዲድ የሚቆፍሩት መኪኖች ሲያጓሩ ብቻ ነበር። «ድምፅ» ብሎ ይጽፍና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል። ከጎኑ የተላጋ ብረት የሚያቃናው ባትላሜራው ኦልጅራ መዶሻውን አስቀምጦ ይስቅበታል።

«ዲግሪ፣ ዛሬስ ደብተሩ ምን አለ?»

«ይሰማል ይላል።»

«በለው! እኔ አሥራ አንድ ዓመት ብረት ስደበድብ አንድም ቀን አላናገረኝም።»

ደብተሩ ውስጥ ዮአብ አምኖ የያዘው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የተማረው በጥፋት ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ቀይ ቪትዝ የበሯ ጠርዝ ላይ ማሽኑን አቆይቶባት ስፖንጁ ቀይ ሆኖ መጣ። ጋሽ ዲሪባ አልተቆጡም። እንደ ልጅ እጁን ይዘው አስረዱት፤ ቀለሙ ከሥር ነው፣ ከላዩ እንደ መስታወት ያለ ቨርኒሽ ተደርቦበታል፤ እኛ የምንነካው ቨርኒሹን ነው፤ ስለዚህ ስፖንጁ ነጭ ሆኖ መምጣት አለበት። ቀለም ይዞ ከመጣ ቨርኒሹ አልቆ ሥሩ ተገልጧል ማለት ነው። በሩን ራሳቸው መልሰው ቀቡት። ዮአብም ማታ ቤቱ ገብቶ «ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ፦ ተቃጥሏል። አቁም» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሰማያዊ ኮሮላ ገባች። የወይዘሮ ትበርህ ናት፤ ከመሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ አነጋገራቸው እንደ ደብዳቤ ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። መኪናዋን በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከነላስቲኳ ገዝተው ይኸው እስካሁን ይነዷታል። ነገ ጠዋት ገዢ ሊያያት ስለሚመጣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብርታ እንድትጠብቃቸው ተናገሩና ወደ ቢሯቸው የሄዱ ያህል ፈጥነው ሄዱ።

ጋሽ ዲሪባ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩ። ከዚያ ማሽኑን አንስተው ዮአብ እጅ ላይ አስቀመጡት።

«ይቺን ብቻህን ታወጣታለህ። ካወጣሃት ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑ ያንተ ነው። ከለበለብካት ወደ ባልዲህ ትመለሳለህ።» ሌላም ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጮኸ። ጎተራ የሚኖር የአጎታቸው ልጅ አርፏል። ጥቁር ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ወጡ፤ ሊጨምሩት የነበረውም ነገር አብሯቸው ሄደ።

ዮአብ ጥላው ከወደቀበት፣ ከቀኙ የኋላ በር ጀመረ። ቅባቱን ጠብ አደረገ፤ ማሽኑን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሳይቸኩል ሄደበት። ጠረገው። ጭረቱ ጠፍቷል። ስፖንጁን ገልብጦ አየ፤ ነጭ ነው። ደስ አለውና ወደ ፊተኛው በር አለፈ።

ስፖንጁ ሰማያዊ ሆኖ መጣ።

ማሽኑን አጠፋና ቆመ። ምናልባት ተጭኜው ይሆናል አለ። አዲስ ስፖንጅ ቀይሮ፣ እጁን አቅልሎ ኮፈኑ ላይ ሞከረ። ሰማያዊ። ስፖንጁን ደግሞ ቀይሮ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ እንደ ዳበሳ ባለ እጅ አንድ ዙር ብቻ ሄደ። ሰማያዊ። ሦስት ቦታ ለበለበ ማለት ነው። ግን ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሲያየው የተቃጠለው ቦታ የኡራኤልን ሰማይ ከነደመናው ያሳያል። የቪትዟ በር እንደዚህ አላበራም ነበር፤ ደብዝዞ፣ ዓመድ መስሎ ነበር። የተበላሸ ነገር ምን ሆኖ ያበራል?

ደብተሩን ገለጠ። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ሕግ እዚያው አለ፤ አቁም ይላል። ጋሽ ዲሪባ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

«ኦልጅራ፣ እስቲ ና እየው።»

ኦልጅራ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። መኪናዋን አየ፣ ስፖንጆቹን አየ፣ ዮአብን አየ።

«እንደ እኔ እንደ እኔ ታበራለች።»

«ስፖንጁስ?»

«ስፖንጁ አያበራም።»

«እየቀለድክ ነው።»

«ምን ልበልህ ታዲያ? እኔ የማውቀው የተጣመመና የተቃና ነው። በቃ። አንተ ነህ ኬሚስት።»

ኬሚስቱ አንድ የመጨረሻ ሙከራ ላድርግ ብሎ ማሽኑን አንስቶ የጣሪያውን ጠርዝ ሲነካ ማሽኑ እጁ ላይ ሞተ። ደግሞ ማሽኑንም አቃጠልኩ አለ። የጣውላ ቤቱ መጋዝ ዝም ሲል ነው መብራት መሄዱን ያወቀው። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሦስቱን ሰማያዊ ስፖንጆች አሮጌ ጎማ ላይ ደርድሮ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ሲያያቸው ወይዘሮ ትበርህ በር ላይ ቆመዋል። ገና ስምንት ሰዓት ነው።

ስፖንጆቹን በእግሩ ወደ ጎማው ውስጥ ሊገፋቸው ይችል ነበር። መኪናዋ ታበራለች፤ እሳቸው ምን ያውቃሉ? ነገ ትሸጣለች። ዮአብ እግሩን እንኳ ለማንሳት አሰበ። ከዚያ ሊቀመንበር ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ መኪናዎን ያበላሸሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ማለት ነው? አበላሽተሃል ወይስ አላበላሸህም?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት።»

ወይዘሮ ትበርህ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ኮፈኑ ላይ አጎነበሱ። የራሳቸውን ፊት አዩበት፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉበት።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚያው የሚያዩት ቦታ። ስፖንጁን ይዩት፤ ቀለሙን ይዞ መጣ።»

ስፖንጁን ተቀብለው ገለባበጡና መለሱለት። «ይሄማ አመሏ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስወለውላት ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል። ከገዛኋት ጀምሮ ነው። ቤቴ ያለው አሮጌ አንሶላ ሁሉ በእሷ ምክንያት ሰማያዊ ነው። ማንም አልነገረህም?»

ዮአብ ቃላቸውን እንደ ሒሳብ ጥያቄ በውስጡ ደገመው። ከገዛኋት ጀምሮ። እንግዲያው ይቺ መኪና ቨርኒሽ የሚባል አልተደረበባትም፤ ከላይ እስከ ብረቱ ቀለም ብቻ ናት። የሚላጠውም የደረቀው ቀለም ነው። ሰማያዊው ጥፋት አይደለም፤ ሰማያዊው ትክክል ነው። ባልዲው ከፊቱ ራቀ።

ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ቀኙ የኋላ በር ሄደ። በትክክል ሠራሁት ብሎ የተደሰተበት በር፣ ነጭ የሰጠችው እሷ ብቻ ናት፤ ቨርኒሽ ያላት እሷ ብቻ ናት ማለት ነው።

«እትዬ፣ ይቺን በር አስቀብተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ ትበርህ። «አንተ ልጅ፣ ከእኔ በቀር መሪዋን የጨበጠ ሰው የለም። ባለቤቴን ገብረሕይወትን እንኳ አላስነካሁትም፤ አነዳዱን አውቀዋለሁ። ነገ ለሚመጣው ሰውዬ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ብዬ በመድኃኔ ዓለም ልምልለት ነው።»

ዮአብ እዚህ ላይ ዝም ማለት እንደሚቻል ገባው። ሥራው ፖሊሽ ነው። ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በፊት እርግጠኛ የነበረበት ነገር ተገልብጦበታል፤ ይሄኛውም ሊገለበጥበት ይችላል። ግን ሴትየዋ ሊምሉ ነው።

ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አምጥቶ ትንሽ ቅባት ነካ አደረገበት። «በራስዎ እጅ ይሞክሩት። መጀመሪያ ይሄኛውን፣ ከዚያ ያኛውን።»

ወይዘሮ ትበርህ የፊተኛውን በር አሹ፤ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። በሌላው ጫፍ የኋላውን አሹ፤ ነጭ ነው። ጠንከር አድርገው አሹ። ነጭ። ወደ ግራ በኩል ዞረው ሁለቱንም በሮች ሞከሩ፤ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ተመልሰው መጡና ጨርቁን እንደያዙ የኋላው በር ፊት ቆሙ።

«ገብረሕይወት ‹ሌላ ቦታ እንዳትወስጃት፣ ዲሪባ ጋ ብቻ› አለኝ» አሉ፣ ለዮአብ ሳይሆን ለበሩ። «ጠዋት ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ። ለመኪናዬ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም።»

ጋሽ ዲሪባ የገቡት ይሄኔ ነው። ጥቁር ኮታቸው በባቡሩ ሥራ አቧራ ነጥቷል። ጨርቁን በወይዘሮ ትበርህ እጅ አዩ፤ ስፖንጆቹን አዩ፤ ወደ ዮአብ ዞሩ።

«ከየት ጀመርክ?»

«ከኋላው በር።»

«ለምን ከዚያ?»

«ጥላ ስለነበረ።»

«ጥላ» አሉ ጋሽ ዲሪባ ቀስ ብለው። «ያንን በር ተወው፣ እኔ እነካዋለሁ ልልህ ነበር። ስልኩ መጣ።»

«ዲሪባ» አሉ ወይዘሮ ትበርህ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ጋሽ ዲሪባ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። «ሰማኒያ ሰባት።»

«ለወንድሜ ለቅሶ መቀሌ የሄድኩ ጊዜ።»

«ይመስለኛል።»

«የት ነው የገጨው?»

«ለገሃር፣ አንድ መጋዘን በር ላይ። ሦስት ቀን እዚህ አደረች። በልጆቹ ስም አደራ አለኝ።» ጣታቸውን በሩ ላይ አሳለፉ። «ቀለሙን ማመሳሰሉ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንደ ሌላው አልበራ ሲለኝ ቨርኒሽ ደረብኩበት። ያኔ ቨርኒሽ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም። አንድ ቀን አይተውት ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያው ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ዮአብ ሴትየዋ ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቅሳሉ ብሎ ጠበቀ። ወይዘሮ ትበርህ ሳቁ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ የሚያነቃንቅ ሳቅ ነበር።

«ሃያ ዓመት ሊሆን ምን ቀረው? በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ‹መኪናሽን እንዴት ብትይዣት ነው ጭረት የሌላት› እያለ ገብረሕይወት ያመሰግነኛል።» ጨርቁን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ይሄን እወስደዋለሁ። ነገ ለገዢው ያለውን እነግረዋለሁ። ዛሬ ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ የምጠይቀው ሰውዬ አለ። መኪናዋን ጠዋት እወስዳታለሁ።»

ሲወጡ ኦልጅራ በመዶሻው ሰላምታ ሰጣቸው። ዮአብ እነዚያን ስፖንጆች አነሳና መልሶ አስቀመጣቸው። ሴትየዋ በሐሰት አይምሉም፤ ደግ ነው። የጋሽ ዲሪባ የሃያ ዓመት አደራ ግን በእሱ አፍ ፈረሰ። መኪናዋን አውጥቷታል ወይስ ለብልቧታል?

«ጋሼ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ?»

ጋሽ ዲሪባ ሊመልሱ ሲሉ መብራት መጣ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ማሽን በራሱ ተነስቶ መሽከርከር ጀመረ፤ የቅባቱን ጠርሙስ ገለበጠ፣ ደብተሩን መሬት ላይ ወረወረ፣ ገመዱን እየጎተተ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ። ዮአብ ዘሎ ያዘው። የማሽኑ ማጥፊያ መብራት ሲሄድ እንደነበረ፣ ክፍት ነው።

ኦልጅራ ከሥራው ላይ ቀና አለ። «ዲግሪ፣ ይሄኛው ተናገረ።»

ጋሽ ዲሪባ ደብተሩን ከመሬት አነሱና አቧራውን አራግፈው ሰጡት።

«መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማጥፊያውን። እሱን ጻፈው። ደግሞ ጣሪያውም ግራ ጎኗም ይቀርሃል፤ መብራቱ ሳይሄድ ጨርስ።»

«የጠየቅኩዎትንስ?»

«ጣሪያው ይቀርሃል አልኩህ።»

ዮአብ ስለ ማጥፊያው ጻፈ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ወደ ተሰመረበት ሕግ ተመለሰ፤ ሊሰርዘው አሰበ፣ ግን ቪትዟ ትዝ አለችው። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገበትና ደብተሩን ዘጋ። ጣሪያው ላይ ቅባት ጠብ አድርጎ ማሽኑን አስነሳ። አንድ ዙር ሄዶ ስፖንጁን ገለበጠው።

ሰማያዊ ነው። ሁለተኛውን ዙር ቀጠለ።