ጀርባውን የሰጠ ተዋናይ

ዘመንን የሚያፈራርቅ፣ የልብን ጓዳ ያለ መብራት የሚመለከት አምላክ ይህንንም ያውቀዋል፤ እኛ የምናወጋው እርሱ በፈቀደልን መጠን ነው።

በ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ አገራችን በረኃብ በተመታችበት ክፉ ዘመን፣ ማንደፍሮ ነጋ የተባለ ስደተኛ ተዋናይ በሮተርዳም ከተማ፣ ዴልፍስሃቨን በሚባል ሰፈር ይኖር ነበር። ሆላንድ ከገባ ጀምሮ በመድረክ ላይ ሲታደለው የኖረው በር ከፋችነትና ሻንጣ ተሸካሚነት ነበር። በዚያ ዓመት ግን አንድ የአምስተርዳም የቲያትር ቡድን ዋናውን ሚና ሰጠው። በቡድኑ ውስጥ ከእርሱ በፊት ይህን ያገኘ ጥቁር ሰው አልነበረም።

ቲያትሩ ከድርቅ ሸሽቶ በአንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ደጅ የቆመ ሰው ታሪክ ነው። አሮጊቷ ዳቦ ትሰጠዋለች። ጠብ የተነሣው በዚህች ዳቦ ነው።

«ዳቦዋን ንጠቃት እንጂ!» አለ አዘጋጁ ሩድ በልምምድ ላይ። «በሁለት እጅህ ቦጫጭቃት! ቴሌቪዥን አታይም እንዴ?»

«በቴሌቪዥን ያየኸው አንተ ነህ። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ነገም እንዲህ ከተከራከርከኝ ሚናውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ማንደፍሮ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ የትነበርሽ፣ ራይስዋይክ በምትባል ከተማ ከሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ገና መመለሷ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሻንጣ መሸከሙ አማረህ?» አለችው ነገሩን ሰምታ።

«ሻንጣው እንኳ ባዶ ነበር። የሚከብደውስ ይኼኛው ነው። የወሎዋን ሴት ነግሬሽ የለም?»

ነግሯታል። በስድሳ ስድስቱ ረኃብ ከቲያትር ባልደረቦቹ ጋር እርዳታ ይዞ ወሎ በወረደ ጊዜ፣ ለአንዲት እናት ዳቦ ሲዘረጋላት አልነጠቀችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፤ ነጠላዋን ተከናነበች፤ አማትባ ቆረሰች፤ በመጀመሪያ ለልጇ አጎረሰች። ረኃቧን እንደ ገበና ከሰው ዓይን ሸሸገችው።

«ለእኔማ ሁልጊዜ ትነግረኛለህ» አለች የትነበርሽ። «ተዋናይ አይደለህም? አሳያቸዋ!»

በማግስቱ በልምምዱ ላይ አሮጊቷን የምትጫወተው አንጋፋዋ ኮርኔሊያ ዳቦውን ሰጠችው። ማንደፍሮ ጎንበስ ብሎ ተቀበለና ለአዳራሹ ጀርባውን ሰጠ፤ ይህም በተዋናይ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል።

«ጀርባህ ምን ይነግረኛል? የምፈልገው ፊትህን ነው!» ሲል ሩድ ጮኸ።

ማንደፍሮ አልዞረም። ትከሻው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ቀኝ እጁ ሊያማትብ ወደ ግንባሩ ወጣች። ከዚያም ቆርሶ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአሮጊቷ ዘረጋላት። በጽሑፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ኮርኔሊያ ቁራሹን ተቀበለች። «ሩድ፣ አንተ ያኔ አልተወለድክም፤ ስለዚህ ዝም በል» አለች። «በጀርመኖች ጦርነት የመጨረሻ ክረምት ረኃብ ገብቶ፣ እናቴ ሄግ ውስጥ የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅላ ስትበላ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞር ነበር። የተቆጣችን ይመስለኝ ነበር።»

«እንዳታዩባት ነው፣ ሜቭራው» አላት ማንደፍሮ በአክብሮት፤ «እመቤቴ» ማለቱ ነው።

 ሩድ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ወደ መብራት ሠራተኛውም ቀና ብሎ፣ «የፊት ለፊቱን መብራት አጥፋው፤ ትከሻው ላይ ብቻ አብራ። ማንደፍሮ፣ ድገመው፤ እንዳትዞር» አለው።

ቲያትሩ በሄግ በተከፈተ ዕለት፣ ያ ጀርባ ለአዳራሹ በተሰጠ ጊዜ የሚያስል እንኳ ጠፋ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን እግዚአብሔር ይጎብኘው፤ ማዕድህን ያስፋ፣ ገበናህን ይሸፍን፣ ልጆችህን በሰው ፊት ከማፈር ይጠብቅ። አሜን።