የቡንታ ሰማያዊ ሰደርያ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በዮናጎ ከተማ፣ እኛ በምንኖርበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ የቤት ቁልፍ መሬት ላይ ይወድቃል።

የሚጥሉት ጎረቤቴ እትዬ ኪኑዮ ናቸው። ቁርጥማት ጣቶቻቸውን እንደ ዝንጅብል አጣሞ፣ አንገታቸውን አድርቆ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ካስቀመጣቸው ቆይቷል። የሚያነሳላቸው ደግሞ ቡንታ ነው፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ውሻ። የወደቀ ያነሳል፣ በር ይከፍታል፣ ካልሲ ጎትቶ ያወልቃል። በሕንጻችን ውሻ ክልክል ነው። ቡንታ ግን ሰማያዊ ሰደርያ ስለለበሰ ሠራተኛ እንጂ ውሻ አይባልም።

ችግሩ፣ ቡንታ አርጅቷል። ዓይኑ ደፍርሷል፤ የኋላ እግሮቹ ከእትዬ ኪኑዮ እግር አይሻሉም። ሐሙስ ከማሠልጠኛው ሰው መጥቶ ይፈትነዋል። ቁልፉን ካላነሳ ሰደርያው ይወልቃል፤ ሰደርያው ከወለቀ ውሻ ይሆናል፤ ውሻ ከሆነ ከቤት ይወጣል።

«እሱ ከወጣ እኔም ኮረብታው ላይ ያለው የደካሞች ቤት ነው የምገባው» አሉኝ እትዬ ኪኑዮ። «ቶኩጂ ብቻውን አይችለኝም።»

ባላቸው ጋሽ ቶኩጂ ግን መላ ነበራቸው። መስኮታቸው ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ አያለሁ። ዕቃ በወደቀ ቁጥር ከሚስታቸው ጀርባ በካልሲ ተስበው ይመጡና ያነሱታል፤ ቡንታን ያጎርሱታል፤ ተመልሰው ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ። ቡንታ ወስዶ እትዬ ኪኑዮ ጭን ላይ ያስቀምጣል።

«ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ!» ይላሉ፤ አንገታቸው እንደሆነ አይዞርም።

«ገና ጎረምሳ እኮ ነው!» ይላሉ ጋሽ ቶኩጂ ከጋዜጣው ጀርባ።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን እትዬ ኪኑዮ፣ «ሰሞኑን ቡንታ ዕቃ ሲያነሳ ‹ወይ ወገቤ› ማለት ጀምሯል» አሉኝ።

«እርጅና ነው» አልኩ።

«ነው» አሉ። ሻያችንን ጠጣን።

ሐሙስ ደረሰ። የመጣችው ከቡችላነቱ ያሠለጠነችው ናሩሚ ነበረች። እኔም ለድምቀት ተጠርቻለሁ። ጋሽ ቶኩጂ በፈታኝ ፊት ማጉረስ ስለማይቻል ቁልፉን በደረቅ ዓሣ ሲያሹት አርፍደዋል። ናሩሚ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ የቡንታን ዳሌ ዳበስ አደረገች።

«እንዴት ነው ሥራው፣ እማማ?»

«እንደ ልጅነቱ።»

«ምን እንደ ልጅነቱ! ዕቃው መሬት ሳይነካ ነው የሚቀልበው» አሉ ጋሽ ቶኩጂ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንኳ እንዲያ አላስተማርኩትም!»

ሳቅን። ከሚገባው በላይ ሳቅን።

«በሉ እማማ፣ ይጣሉት።»

ቁልፉ ወደቀ። ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

«ቡንታ፣ አምጣ» አሉ እትዬ ኪኑዮ።

ቡንታ በፊት እግሮቹ ተደግፎ በስንት ጭንቅ ተነሳ። ቁልፉን አልፎት ሄደ። ጋሽ ቶኩጂ እግር ሥር ሲደርስ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎ አያቸው፤ አፉንም ከፍቶ ጠበቀ።