ምሳው እስኪያልቅ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሜትሮ» ይለዋል። ዕድሜውን በልብስ ስፌት የጨረሰ ሰው ነው፤ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሰው አገር ድረስ እንኳ ይዞት መጣ። ባለቤቱ ሻንጣው ውስጥ ስታየው፣ እዚህ ደግሞ ማንን ልትለካ ነው ብላ አሾፈችበት። እሱም ሳቀ፤ የጥርስ ሳቅ።

የመጡት ለእሷ ሕክምና ነው። በሽታው ከጀመራት ወዲህ ከስታለች፤ ሜትሮ ግን ይህን እንድታውቅ አልፈለገም። ቀሚሷ የሰፋ ዕለት ልቧ ይሰበራል ብሎ ፈራ። ስለዚህ እንቅልፍ ሲጥላት ቀሚሷን ይዞ መታጠቢያ ቤት ይገባና፣ በሩን ቆልፎ፣ ከጎንና ከጎን ጥቂት ጥቂት ያጠብበዋል። የተኛን ሰው በሜትር መለካት አይቻልምና በዓይን ግምት ነው የሚሰፋው፤ ዓይኑ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በነጋታው ለብሳ ስትወጣ፣ «አየህ፣ ልኬ አልተለወጠም» ትለዋለች። እሱም እፎይ ይላል። ሰው ራሱን ሲያታልል ደስ የሚለው ነገር አለ መቼስ።

ከሆስፒታል በወጡ ቁጥር ምግብ ቤት መግባት ልማድ ሆነባቸው። ሲጋቡ ሽርሽር የሚባል ነገር ስላላዩ፣ ጫጉላችን አርጅቶ ደረሰ እያለች ትቀልዳለች። ሜኑውን ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የቀረበውን በጣት እያሳዩ ያዛሉ። አንድ ቀን አስተናጋጁ ጣታቸው የጠቆመውን ተሳስቶ፣ ጎረቤት የተቀመጠውን ሰውዬ ጥብስ ትቶ የሕፃን ልጁን ምግብ አመጣላቸው፤ ድብ የተሳለበት ሳህን ላይ የተፈጨ ድንች። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ድንቹንም ጥርግ አድርገው በሉት።

ዛሬ ጠዋት ግን እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ስትለባብስ፣ ሐኪሙ ሜትሮን ኮሪደር ላይ አስቆመው። አስተርጓሚዋ ዓይን ዓይኑን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየች ነገረችው። በሽታው ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ሕክምና አይረዳትም፤ የቀረው ማስታገሻ ነው። እርስዎ ይነግሯታል ወይስ እኛ እንንገራት ሲሉት፣ «እኔ» አለ። አፉ እንዴት እንደታዘዘለት አያውቅም።

በቤታቸው አንድ ሕግ አለ፤ ያወጣችው እሷ ናት። ክፉ ወሬ ማዕድ ሳይነሳ አይነገርም። ገና ሙሽራ ሳለች የወንድሟን ሞት የነገሯት እህል አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የቀመሰችው ሁሉ አፈር አፈር አላት። ሜትሮ ሕጉን አክብሮ ኖሯል። ታዲያ ክፉ ወሬ ይዞ በገባ ቀን ቶሎ ተናግሮ ለመገላገል እየተጣደፈ ይጎርሳል። እሷም አጎራረሱን አይታ አንድ ነገር እንዳለ ታውቅና፣ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች።

ዛሬ ምግብ ቤት ሲገቡ ግን አልተጣደፈም። ማዕዱ ካልተነሳ ወሬው አይነገርም፤ ሕግ ሕግ ነው። ሾርባ አዘዘ። ሾርባው ሳያልቅ ወደ ግራ ጠቁሞ ዓሣ አዘዘ። ወደ ቀኝ ጠቁሞ ዶሮ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ደግሞ የማያውቀውን ነገር አስመጣ። ጠረጴዛው ሞልቶ አስተናጋጁ ዳቦውን የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ወንበር ላይ አኖረው። ዙሪያቸውን ያለው ሰው ገበታውን አይቶ ሌላ እንግዳ የሚጠብቁ ሳይመስለው አልቀረም። ሜትሮ ከሁሉም ይቆነጥራል፤ አንዱም አልወርድ ብሎታል። እሷ ሾርባዋን ቀስ ብላ ጨርሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ለአስተናጋጁ እንደገና እጁን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው።

«እጅህን አውርድ» አለችው።

«ጣፋጭ እኮ አልበላንም።»

«ስትጣደፍ አውቅሃለሁ። እንዲህ ስትንቀረፈፍ ግን አይቼህ አላውቅም።» ሶፍቱን አጥፋ ጎኗ አኖረችው። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ሽሬዋለሁ። ንገረኝ።»

ነገራት። ሐኪሙ ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ዓሣው ፊቱ እየቀዘቀዘ ነገራት። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያት አቃተው። እሷ አላለቀሰችም። ሕመሙ ይብስ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው፤ ማስታገሻ እንደሚሰጧት ነገራት። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ቤተሰብ ልደት ይሁን ምን እያከበረ ያጨበጭብ ነበር።

«እንግዲያው አገራችን እንግባ» አለች። «የቀረኝን ዕድሜ በጣት እያሳየሁ አልበላም።»

ሜትሮ ሊስቅ ፈልጎ እንባው ቀደመው። ያን ያህል ሰው መሃል እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አላፈረም። አስተናጋጁ ሳህን ሊያነሳ መጥቶ ተመለሰ። እሷ እስኪወጣለት ጠብቃ ሶፍቱን ሰጠችው፤ ውሃም አቀበለችው። ከዚያ ዓሣውን ወደ ራሷ ስባ እሾኹን እየለቀመች ግማሹን ሳህኑ ላይ አደረገችለት። ብላ አለችው። ያን ሁሉ መንገድ ደግፎ የሚመልሳት እሱ ነውና ጉልበት ያስፈልገዋል። እሱም በላ። ዓሣው ጣዕም ነበረው፤ ይህም ራሱ አስከፋው።

ማዕዱ ሲነሳ፣ አሁን የእሷ ተራ እንደሆነና አንድ የምትነግረው እንዳለ ተናገረች። ሜትሮ ደነገጠ፤ ከዚህ የባሰ ምን ሊኖር ነው ብሎ ጠረጴዛውን ጨበጠ። እሷ ግን ክንዷን ከፍ አድርጋ የቀሚሷን ጎን አሳየችው።

«የመርፌህን እጅ የማላውቅ መሰለህ?» አለችው። «መታጠቢያ ቤት ተደብቀህ መስፋቱን ተው። ከእንግዲህ ስታጠብበው አስነስተህ ለካኝ። በግምት ስትሰፋው ብብቴ ሥር እየያዘኝ ነው።»